ለሰይፍና ለአስማት ድራማ ሰይፍ ማባዛት፦ 2 ኪሎ ሲሊኮን ያስጣለኝ ጭቃ

ለአንድ የሰይፍና የአስማት ተከታታይ ድራማ የዋናዋን ተዋጊ ሰይፍ ሠርቻለሁ። ተመልካች የሚያየው አንድ ሰይፍ ነው፤ ዕቃ ክፍል ውስጥ ግን ስድስት ናቸው። አንዱ ካሜራ ተጠግቶ የሚያነሳው የብረት፣ ሁለቱ በፍልሚያ ላይ የሚጋጩ የአሉሚኒየም፣ ሦስቱ ደግሞ ተዋናይዋ ይዛቸው የምትወድቅባቸውና የምትንከባለልባቸው የጎማ ናቸው። ስድስቱም ከአንድ እናት ቅርጽ፣ ማለትም ሁሉም ከሚቀዱበት የመጀመሪያ ሰይፍ፣ ካልወጡ ተመልካች ይነቃል። አሉሚኒየሙንና ጎማውን ማዛመድ ከባድ አልነበረም። ያቃጠለኝ መሀል ላይ ያለው የሞልድ (ቅጂው የሚፈስስበት ክፍት ቅርጽ) ሥራ ነው፤ "ጭቃው ውስጥ ድኝ (ሰልፈር) አለ ወይ?" ብሎ አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

"ለምን ስድስት?" የሚል ፕሮዲውሰር አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 በኒውዚላንድ የተቀረጸው፣ ዚና የምትባለው ሴት ተዋጊ ድራማ 134 ክፍል ነበረው። ተከታታይ ድራማ ላይ ያው ሰይፍ በየሳምንቱ ይመለሳል፣ ይጋጫል፣ ይወድቃል፣ ይረገጣል። አንድ ሰይፍ ብቻ ይዞ ቀረጻ መጀመር ማለት በመጀመሪያው ቀን ስለቱ ሲጎድል ቀረጻውን ማቆም ማለት ነው። ገንዘብ ካጠረ የብረቱን ተዉት፤ በደንብ የተወለወለ አሉሚኒየም ቅርብ ሆኖም ያሳምናል። ከጎማው ግን አትቀንሱ።

እናት ቅርጹን ከጠንካራ እንጨት ሠራሁት። ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር፣ ስለቱ 75፣ መስቀሉ (ከእጀታው በላይ እጅ የሚጠብቀው አግድም ዘንግ) 20፣ የስለቱ ወገብ ውፍረት 8 ሚሊሜትር፣ ጠርዙ 3 ሚሊሜትር ነው። ጠርዙን ከዚያ አታሳንሱ፤ የጎማው ቅጂ ይቀደዳል። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ቁጥር 220 ጀምሮ 400፣ ከዚያ ልሙጡን 800 ሄድኩበት፤ በየመሀሉ የመሠረት ቀለም ረጨሁ። ሲሊኮን የጣት አሻራ ሳይቀር ይቀዳል፤ በእናት ቅርጹ ላይ የተዋችሁት ጭረት በሁሉም ቅጂ ላይ ይወጣል።

ለአሉሚኒየሙ 7075-ቲ6 የሚባለውን ዓይነት በ8 ሚሊሜትር ዝርግ ውሰዱ። 6061 ይረክሳል፣ ለመሥራትም ይቀላል፤ ነገር ግን ከጥቂት ምት በኋላ ይጎብጣል። 7075 ሲበየድ ስለሚሰነጠቅ፣ ስለቱና እጀታ ውስጥ የሚገባው ጅራቱ ከአንድ ዝርግ መቆረጥ አለባቸው። ጅራቱ ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሆነ የምቱ ጫና እዚያው ተጠራቅሞ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ ጥጉን ቢያንስ በ3 ሚሊሜትር ራዲየስ በሞረድ አክቡት። ጫፉን የሳንቲም ያህል አድቦልቡሉት። ከመስቀሉና በእጀታው ጫፍ ካለው ጉልላት ጋር ሰይፉ ከ800 እስከ 900 ግራም ይመጣል። ይህ ከእውነተኛው የብረት ሰይፍ ይቀላል፤ ተዋናይ ግን አንዱን ትዕይንት አሥራ አምስት ጊዜ ስለሚደግም ክንዱ ይተርፋል። አንድ ነገር አደራ፦ አሉሚኒየም ሲጋጭ የሚወጣው ስንጥር እንደ ምላጭ ቆዳ ይቆርጣል። በየቀረጻው መሀል ሞረድ የያዘ ሰው ይቁም። ብዙዎች "ማታ ይሞረዳል" ይላሉ፤ እስከ ማታ ግን የአንድ ሰው እጅ ይደማል።

አሁን ወደ ሞልዱ።

ለጎማው ሰይፍ ባለ ሁለት ገጽ የሲሊኮን ሞልድ ያስፈልጋል። እናት ቅርጹ እስከ ወገቡ፣ ማለትም እስከ ስለቱ ጠርዝ መስመር ድረስ፣ በጭቃ ይቀበራል። ዙሪያው በሳንቃ ይታጠራል፤ ጭቃው ላይ ሁለቱን ገጾች የሚያቆላልፉ ጉድጓዶች በጣት ጫፍ ልክ ይቦረቦራሉ፤ ከዚያ ሲሊኮኑ ይፈስሳል። አጥሩ የሰይፉን ቅርጽ ተከትሎ 1.5 ሴንቲሜትር ብቻ ከራቀ ለአንድ ገጽ ወደ 2 ኪሎ ይበቃል። አራት ማዕዘን ሳጥን ከሠራችሁ መስቀሉ ስፋቱን ስለሚወስን ሦስት እጥፍ ይበላችኋል። ከጀርባው ጄሶ ይደገፍበታል።

የመረጥኩት በፕላቲነም የሚረጋውን ሲሊኮን ነው። ምርጫው ዛሬም ትክክል ይመስለኛል፤ መጠኑ አይኮማተርም፣ ለዓመታት አይደርቅም፣ ለስድስተኛ ቅጂም እንደ መጀመሪያው ያገለግላል። በቆርቆሮ ውህድ የሚረጋው ርካሽ ነው፤ ግን እየቆየ ይኮማተራል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥም ይፈረካከሳል። ልዩነታቸው ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም። ፕላቲነሙ ድኝን አይችልም። ብዙ በዘይትና በሰም የተለወሱ የቅርጻ ቅርጽ ጭቃዎች ደግሞ ድኝ አላቸው። ድኙ ፕላቲነሙን ይይዘዋል፤ ፕላቲነሙ ሲያዝ ሲሊኮኑን የሚያያይዘው ሥራ ይቆማል፤ ጭቃውን የነካው ሽፋን ለዘላለም ሙጫ ሆኖ ይቀራል።

ሲሊኮኑን የሸጠልኝ ሰው ጭቃውን ከዚያው መደርደሪያ አንስቶ "ማንኛውም ይሆናል" አለኝ። ሙያው ነውና አመንኩት፤ ይህ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ከሱ በላይ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ከሲሊኮኑ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ ስለ ድኝ የሚያስጠነቅቅ መስመር ነበር፤ አንብቤዋለሁ። የኔን ጭቃ የሚመለከት አልመሰለኝም፤ ጭቃው መጠቅለያ ላይ "ድኝ" የሚል ቃል አልነበረምና። አምራቹ "ድኝ የሌለበት" ብሎ በግልጽ ካልጻፈ ድኝ አለበት ብላችሁ ተነሱ።

ነገሩን ክፉ የሚያደርገው ከላይ ሲታይ ሁሉም ሰላም መሆኑ ነው። አየር የሚነካው የላይኛው ፊት በሰዓቱ ይረጋል፤ በጣት ሲጫኑት ይመለሳል። ከ24 ሰዓት በኋላ አጥሩን ፈትቼ ስገለብጠው ግን ከጭቃው ጋር የነበረው ፊት በሙሉ እንደ ማር ይዝረከረክ ነበር። ሰይፉን የነካው ክፍል ረግቷል፤ የስለቱ ጠርዝ መስመር፣ ማለትም የሞልዱ ዋና ቦታ፣ ጠፍቷል። 2 ኪሎው እዚያው ሞተ።

ሁለተኛው ስህተቴ ብርድ ነው ብዬ ማሰቤ ነበር። ብርድ በእርግጥ ያዘገያል፤ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የመርጊያ ሰዓቱ በጣም ይረዝማል። ስለዚህ ማሞቂያ አስጠግቼ አንድ ተጨማሪ ቀን ጠበቅኩ። ምንም አልተለወጠም፣ ሊለወጥም አይችልም። ለይታችሁ እወቁ፦ ብርድ ከሆነ ሲሊኮኑ ከላይ እስከ ታች እኩል ለስላሳ ነው፣ ሙቀት ሲያገኝም ይጠነክራል። የመለኪያ ወይም የማዋሃድ ስህተት ከሆነ እዚህም እዚያም ጅራት ያላቸው የሚያጣብቁ መስመሮች ይታያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ግድግዳ ተፍቆ ሳይዋሃድ የፈሰሰው ነው። ድኝ ከሆነ ግን መሀሉ ደህና ሆኖ አንዱን ነገር የነካው ገጽ ብቻ ይዝረከረካል። ይህን ሦስተኛ ምልክት ካያችሁ አትጠብቁ፣ አታሙቁ፤ ጣሉት።

ጽዳቱ ሌላ ፈተና ነበር። ያልረጋ ሲሊኮን በእናት ቅርጹ ላይ ከቀረ ቀጣዩንም ያበላሻል። እኔ ለመፍጠን አሴቶን ተጠቀምኩ፤ አሴቶኑ ሙጫውን ሳይሆን የመሠረት ቀለሙን በላው፤ 400 እና 800 እንደገና ሁለት ቀን ወሰዱ። በፕላስቲክ መፋቂያ የሚነሳውን አንሱ፣ ቀሪውን አልኮል በነካ ጥጥ ደጋግማችሁ ጥረጉ፣ ጥጡን በየጊዜው ለውጡ። አዝጋሚ ነው፤ ቀለሙ ግን ይተርፋል።

ከዚያ ድኝ የሌለበት ጭቃ ገዛሁ፤ በዚህ ጊዜ ቢያንስ መጀመሪያ ትንሽ ሞከርኩ። 20 ግራም ሲሊኮን አዋህጄ በጭቃው፣ በቀለሙ፣ በሳንቃው ላይ ሳንቲም ሳንቲም አክዬ ጠብ አደረግኩ። ቀለሙና ሳንቃው ላይ ያለው ረጋ። ጭቃው ላይ ያለው በአብዛኛው ረግቶ ሦስት ቦታ ላይ ያጣብቅ ነበር፤ ቦታዎቹም የጣት ቅርጽ ነበራቸው። ጭቃውን ያለሰለስኩት ላቴክስ ጓንት አድርጌ ነው። ላቴክስም ድኝ አለበት። ጓንቱ ቪኒል ይሁን፤ መቀላቀያ ዕቃውም ቀድሞ የቆርቆሮውን ዓይነት ሲሊኮን የነካ አይሁን። እናት ቅርጻቸውን በብርሃን ከሚረጋ ሬዚን በስሪዲ የሚያትሙ ሰዎችም ከዚሁ መዘዝ አያመልጡም፤ ህትመቱ ራሱ ፕላቲነሙን ያቆመዋል።

መመሪያዎች አንድ መውጫ ይሰጣሉ፦ ድኝ ያለበትን ጭቃ በቬርኒሽ ሸፍኑትና አፍስሱ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቬርኒሹ ዝርግ ገጽ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ መቆለፊያ ጉድጓዶቹ ውስጥና ጭቃው ከስለቱ ጋር በሚገናኝበት ቀጭን መስመር ላይ ግን አንዲት ክፍተት ትቀራለች። ሞልዱን የሚገድለው ደግሞ ያው መስመር ነው። ጭቃውን ለውጡ፣ አለቀ።

የተሳካው ፍሰት እንዲህ ነበር። ሁለቱን ክፍሎች በክብደት ለካሁ፤ በዓይንም በስፍርም አይሆንም። ሦስት ደቂቃ አዋሃድኩ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ንጹህ ዕቃ ገልብጬ እንደገና አዋሃድኩ፤ ይህ ከግድግዳ ላይ የሚቀረውን ጥሬ ሲሊኮን ያስቀራል። መጀመሪያ ስስ ሽፋን በብሩሽ ቀባሁ፣ ቀሪውን ከአንድ ጥግ ብቻ፣ ከ30 ሴንቲሜትር ከፍታ፣ እንደ ክር አቅጥኜ አፈሰስኩ፤ ክሩ ሲቀጥን አረፋው መንገድ ላይ ይፈነዳል። ሁለተኛውን ገጽ ከማፍሰሳችሁ በፊት የመጀመሪያውን በስሱ ቫዝሊን ቀቡት። ሲሊኮን ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም አይጣበቅም፣ ከሲሊኮን ጋር ግን አንድ አካል ይሆናል፤ ቫዝሊኑን የረሳ ሰው ሰይፉን የሚያወጣው በቢላ ቀዶ ነው።

የጎማው ቅጂ ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ፈስሶ ከሚረጋ ጎማ ነው፣ ጥንካሬው በጎማ መለኪያው ሾር ኤ 70 አካባቢ። ጠላቱ እርጥበት ነው። የእንጨት መማሰያ እርጥበት ይዞ ስለሚገባ ጎማው ያረፋል፤ የብረት ወይም የፕላስቲክ ተጠቀሙ። መሀሉ ላይ 4 ሚሊሜትር የፋይበርግላስ ዘንግ ይገባል። ዘንጉ ከጫፉ 5 ሴንቲሜትር ሲቀረው ይቁም፣ አፉም ይድቦልቦል፤ እስከ ጫፍ ከደረሰ አንድ ቀን ጎማውን ወግቶ ይወጣል፣ ያኔ በእጃችሁ ያለው ጦር ነው። ዘንጉ መሀል እንዲቆም ከዚያው ጎማ አስቀድማችሁ ትንንሽ መደገፊያዎች አፍስሱ። ሞልዱን ጫፉን ወደ ታች አቁማችሁ በጉልላቱ በኩል ሙሉት፤ በመስቀሉ ሁለት ክንዶች የላይኛው ጎን አየር ስለሚታሰር እዚያ 3 ሚሊሜትር መተንፈሻ ብሱ።

ቀለም በጎማ ላይ አይበረክትም፤ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። ከማፍሰሳችሁ በፊት የአሉሚኒየም ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ሞልዱ ውስጥ አልብሱ፣ ትርፉን አራግፉ፣ ከዚያ አፍስሱ። ዱቄቱ የጎማው ቆዳ ሆኖ ይወጣል፤ ቀስ ብላችሁ ስትወለውሉት ያበራል። ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳል፣ እሳትም ይይዛል፤ ጭንብል አድርጉ፣ ከነበልባል ራቁ።

ስለ አስማቱ አጭር ነገር። የሚያበራ ሰይፍ ካለ ብርሃኑን ሁሉ ለኮምፒውተር አትተዉ፤ ስለቱ ላይ የኤልኢዲ ጥብጣብ ለጥፉ፣ የተዋናይዋ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን እውነተኛ ይሁን። ርካሽ ማደብዘዣ ግን መብራቱን በፍጥነት እያጠፋ እያበራ ነው የሚያደበዝዘው፤ ካሜራው ላይ ጥቁር መስመር ይሆናል። ቀረጻው ከመድረሱ በፊት በዚያው ካሜራ፣ በሰከንድ 24 ፍሬምና በ1/48 ሰከንድ ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ሞክሩት። የጎማውን ሰይፍም በዚሁ ፍጥነት ብቻ አንሱት፤ በዝግታ በሚታይ ቀረጻ ላይ ሲወዛወዝ ይጋለጣል።

ፈቃድ ወረቀት ላይ "6 ሰይፍ" ብላችሁ አትጻፉ። የቀረጻ ቦታውን የሚጠብቁት ኃላፊዎች ጎማውን በእጃቸው አጥፈው እያዩት እንኳ "ወረቀቱ ሰይፍ ይላል" ብለው ግማሽ ቀን በር ላይ አቆሙን፤ የጠዋት ብርሃኑ እዚያ ቀረ። "ከጎማ የተሠራ የቀረጻ ዕቃ፣ ስለት የሌለው" ብላችሁ በፎቶ አስደግፉ፤ የአሉሚኒየሙንም ለብቻው ዘርዝሩ።

በእያንዳንዱ ጉልላት ሥር ቁጥር ቅረጹ፤ በየቀኑ መጨረሻም ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንሱ፤ ጭረቱ ከትዕይንት ትዕይንት እንዲቀጥል የሚረዳው ይህ ነው። ሞልዱን ሁለቱን ገጾች ገጥማችሁ፣ ውስጡ አንድ ቅጂ አስገብታችሁ፣ ከነጄሶው ዝርግ ቦታ አስቀምጡ። የጎማውን ሰይፍ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፣ ይጎብጣል፤ ከመስቀሉ አንጠልጥሉት፣ ጫፉ ወደ ታች ይሁን።