ኩበት የጫነችው አህያ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ "ሞልቷል" ከተባለ በኋላ ሦስት ሰው ተጨምሮበት ተነሣን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብስ ይታጨዳል።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ኩበት የጫነች አህያ መንገድ ዘጋችብን። ሾፌሩ ክላክሱን ቢያንባርቀው ንቅንቅ አላለችም። ኩበቱ ላይ የጠፈጠፈችው ሴት የጣት ምልክት ከነገለባው ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ፣ "ይሄ እኮ ማሳ ላይ የሚበተን ነበር" አሉና ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ ዋጋ ማማረር ጀመሩ። እውነታቸውን ነው። እንጨት ሲጠፋ እበቱ ምድጃ ገባ፤ ማሳው ሳሳ፤ ሞፈሩም ወደ ገደሉ ወጣ።

ደባርቅ አጠገብ ያለው ሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ የገባው በእርሻ፣ በግጦሽና በመንገድ ሳቢያ ሲሆን፣ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ቀና ብለውም አላዩን።

ደባርቅ ቡና ቤት ያገኘኋቸው ሽማግሌ ከግጭ የመጡ ናቸው።

"ሣሩ አገግሟል አሉ፣ አባባ።"

"እሰይ፣ ያገግም። ጥፋቱ የበሬዬ ነበር አይደል? እኔ አባቴ ካወረሰኝ ማሳ ለአምስት ልጆቼ ባካፍል ለአንዳቸውም ግማሽ ጥማድ አይደርስ። ታዲያ የት ይረሱ?" አንዱ ልጃቸው አሁን ባጃጅ ይነዳል።

በሬውን ማንሣት ይቻላል፤ ተነሥቷልም። ውርሱና ምድጃው ግን እዚያው አሉ። በየክረምቱ ችግኝ እናፈላለን፣ የሚጸድቀው ባሕር ዛፍ አጣና ሆኖ ለከተማ ይሸጣል፣ ባለቤቱ ኩበት ያነዳል። ለእኔ የደን ዕቅድ የሚባለው የኤሌክትሪክ ምጣድና ከእርሻ ውጭ ያለ ሥራ ችግኙ ባለበት ገጽ ላይ ሲጻፉ ነው። የመሬቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል፤ መልስ የለኝም።

ማታ ጎንደር ፒያሳ ሽሮ አዘዝኩ፤ እየተንተከተከ መጣ።

"በምን ነው የምትሠሩት?" አልኳት አስተናጋጇን።

"በከሰል ነዋ! ከቆላ ነው የሚመጣልን" አለችኝና እንጀራ ልትጨምርልኝ ሄደች።