ሚር-16ን ስለካ የተሳሳትኩት

ለማስተርስ ጥናቴ የመረጥኩት ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያን ነበር። በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚይዝ የደም ካንሰር ነው፤ ቢ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በጊዜያቸው መሞት ሲገባቸው እየተከማቹ ይሄዳሉ። ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ከ13ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ቁራጭ ጎድሎባቸው ይገኛል። ተመራማሪዎች እዚያ ቦታ ካንሰርን የሚገታ የፕሮቲን ጂን ይኖራል ብለው ለዓመታት ፈለጉ፣ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 የካንሰር ተመራማሪው የካርሎ ክሮቼ ቡድን ያገኘው ግን ፕሮቲን የማይሠሩ ሁለት አጫጭር አርኤንኤዎችን (ከዲኤንኤ የሚቀዱ ሰንሰለቶችን) ነው፦ ሚር-15ኤ እና ሚር-16-1 (ባጭሩ ሚር-16)። ርዝመታቸው 22 ፊደል ገደማ ነው። ሴል እንዳይሞት የሚከላከለውን ቢሲኤል-2 የተባለ ፕሮቲን ልክ ያስይዙታል፤ እነሱ ሲጠፉ ልጓሙ ይላላል።

እኔም ሚር-16 በሕመምተኞች ፕላዝማ (ሴሎቹ ሲለዩ በሚቀረው የደም ፈሳሽ) ውስጥ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሴል መለየት አያስፈልግም፣ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ አንዳንዶቹ ከጤነኞቹም በለጡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፒሲአሩን (አባዝቶ የሚለካውን ምርመራ) ደጋገምኩ፣ ኬሚካል ቀየርኩ፣ ፒፔት አስፈተሽኩ።

አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ነባር ቴክኒሻን ቱቦዎቹን በነጭ ወረቀት ፊት ደረደረቻቸው። ገሚሶቹ እንደ ጠጅ ቢጫ ናቸው። የቀሩት ግን ቀላ ብለዋል። ቀይ የደም ሴሎች ፈንድተው ነበር። ቀይ የደም ሴል ደግሞ በሚር-16 የተሞላ ነው! እኔ ስለካ የከረምኩት ከካንሰሩ የመጣውን ሳይሆን፣ ደሙ ሲቀዳና ሲጓጓዝ ከተጎዱት ቀይ ሴሎች የፈሰሰውን ነው። ይባስ ብሎ፣ ብዙ የፕላዝማ ጥናቶች ይህንኑ ሚር-16 የሌሎች አርኤንኤዎች መጠን የሚነጻጸርበት ማመሳከሪያ አድርገው ይጠቀሙበት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፕላዝማ ከቀይ ሴሎች የፈሰሰ ነገር እንዳለበት በ414 ናኖሜትር ብርሃን ሳልፈትሽ አልነካም። ጥያቄዬ ስለ ካንሰሩ ሴል ከሆነ መለካት ያለብኝም ሴሉን ራሱን ነውና በቢ ሴሎች ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ19 የተባለ ፕሮቲን በሚይዙ ማግኔታዊ ቅንጣቶች ሴሎቹን ለየሁ። አርኤንኤ ማውጫውንም ቀየርኩ፤ የተለመደው ኪት ረጃጅሞቹን ይይዛል እንጂ አጫጭሮቹን አጥቦ ይጥላቸዋል። ያኔ ቁራጩ በጎደለባቸው ሕመምተኞች ሚር-16 ዝቅ ብሎ ታየ፤ በሁሉም ግን አልነበረም፣ ያንንም እንዳለ ጻፍኩት።

ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒት የሚያግደው ይህንኑ ቢሲኤል-2ን ነው። ስለዚህ ልኬቱ ለእኔ ቁጥር ብቻ አልነበረም።

የከበደኝ የተበላሹትን ቱቦዎች መጣል ነበር። ደሙን የሰጡት የታመሙ ሰዎች ናቸው። አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ሌላ ናሙና ለመንኩ።

«የፊተኛው ምን ሆነ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«በአያያዛችን ተበላሸ፣ አባባ» አልኳቸው።

ምንም ሳይሉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቱቦውን ራሴ ይዤ፣ ሳላንገጫግጨው፣ ቀስ እያልኩ ደሙን አሽከርክሮ ወደሚለየው ሴንትሪፉጅ ወረድኩ።