ከጢስ ዓባይ ማታ ስመለስ

ከጢስ ዓባይ እስከ ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቴን ጠይቄ ስመለስ ሆን ብዬ አመሻለሁ፤ ያን መንገድ በጨለማ እወደዋለሁ።

የብስክሌቴ መብራት የሚሠራው ከጎማው ጋር እየተፋተገ በሚዞር ዳይናሞ ነው። ስፈጥን ይደምቃል፣ ዳገት ላይ ስዝል ይደበዝዛል፣ ስቆም ድርግም ይላል። ስለዚህ መሪው ላይ የእጅ ባትሪ በከመነዳሪ ቁራጭ አስሬአለሁ።

ከጅብ ይልቅ የሚያስፈራኝ ረጅም መብራቱን አብርቶ ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያ ሁሉ በአንድ ብልጭታ ይጠፋል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አሳልፈዋለሁ፤ ከዚያ በተረፈችው ዓይኔ መንገዱን አገኘዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጨፈንኩትን ስገልጥ አንዲት አህያ ከነጭነቷ መሀል መንገድ ላይ ቆማለች። ፍሬን ያዝኩ። የፊት ጎማዬ ከጆንያው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ፤ የጤፍ ጭድ ሸተተኝ። ከኋላዋ አንድ አዛውንት «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል» አሉኝ። እኔ ስንቀጠቀጥ እርሳቸው አጽናኑኝ! ባትሪዬን ፈትቼ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ እስከ መገንጠያቸው ድረስ አበራሁላቸው።