ቁልፉን ውስጥ ትቼ በሩን ቆለፍኩት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል፣ እንግዳ ተቀባይዋ ናት። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ የእንግዶቹን ስም ያሳየኛል፤ ክፍያ ስመዘግብ ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል።»

ማሳየት ይችላል፣ መጻፍ አይችልም። ከአልጋዬ ሳልወርድ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ። የኔ ነው።

ማታ አዲስ የባክአፕ ስክሪፕት፣ መጠባበቂያ ቅጂ በራሱ የሚያነሳ ትንሽ ፕሮግራም፣ ጭኜ ነበር የተኛሁት። ዳታቤዙና የእንግዶች መታወቂያ ፎቶ ያሉበት ዲስክ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስናፕሾት፣ ማለትም የዚያች ቅጽበት ቅጂ፣ ይነሳል። እስከዚያ ቀን የምናነሳው እንዲሁ ነበር፣ ምንም ሳናስቆም። እንዲህ ያለው ስናፕሾት መብራት ድርግም ብሎበት ከቀረ ዲስክ አይለይም። ዳታቤዙስ የራሱን መዝገብ አንብቦ ያገግማል። ፎቶ ግን ምን አለው? አንዴ መልሼ ስሞክር ከአገጭ በታች ግራጫ የሆነ መታወቂያ አግኝቻለሁ።

ስለዚህ ኤፍኤስፍሪዝ (fsfreeze) የሚባለውን ዲስክ ማቆሚያ ትእዛዝ አስገባሁ። ሊኑክስ ላይ ኢኤክስቲ4 (ext4) እና ኤክስኤፍኤስ (XFS) ለሚባሉት የፋይል አቀማመጦች ለሁለቱም ይሠራል። ሜሞሪ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ዲስኩ ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ አዲስ ሊጽፍ የመጣውን ሁሉ በር ላይ ያቆማል። ስናፕሾቱን ታነሳለህ፣ ትለቀዋለህ። የሰከንዶች ሥራ ነው። ልክ በዚያች ሰከንድ እየተጫነ ያለ ፎቶ አሁንም ጎደሎ ሊሆን ይችላል፤ ተጭኖ ያለቀው ግን ይተርፋል።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ስክሪፕቱን፣ ዲስኩን ካቆምክ በኋላ «ቆሟል» ብለህ ሎግ (የሥራ መዝገቡ) ላይ ጻፍ ብዬዋለሁ። ሎጉ የት ነው ያለው? እዚያው ዲስክ ላይ! ዲስኩን የሚለቀው ስክሪፕት ራሱ ለመጻፍ ወረፋ ያዘ።

ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው፣ ሎዱ (ተራ የሚጠብቀው ሥራ ብዛት) ግን ከ40 አልፏል። የቆሙት ፕሮሰሶች ሁሉ አጠገባቸው «ዲ» (D) አለ፣ ዲስክ እየጠበቁ ነው ማለት ነው፤ በግድ የሚያስቆመውን ትእዛዝ፣ ኪል 9ን፣ ብሰጣቸውም ንቅንቅ የለም። ደግነቱ ሩቱን፣ ሲስተሙ ራሱ ያለበትን ዲስክ፣ አልነካሁትም፤ እሱንም አቁሜው ቢሆን መግባቱ ራሱ ይቸግረኝ ነበር። የመልቀቂያውን ትእዛዝ አንዴ ጻፍኩ። የተጠራቀመው ሁሉ ግር ብሎ አለፈ። ልጅቷ ደጋግማ የጫነችው አንድ ክፍያም አምስት ሆኖ ተመዘገበ።

ሎጉን ወደ ሌላ ዲስክ አዛወርኩት። ዲስኩ ከመቆሙ በፊት ደግሞ ከጀርባ አንድ ትንሽ ሥራ ይነሳል፦ 60 ሰከንድ ይተኛል፣ ከዚያ የመጣው ቢመጣ ይለቃል። እስከዚያ ያላለቀ ስናፕሾት ይጣላል።

ልጅቷ አራቱን ክፍያ ስትሰርዝ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ማኪያቶውን እኔ ከፈልኩ።