ክሩ ሳይሆን ጥላው እንዲታይ

ሰሞኑን አንድ ትልቅ ኩዊልት በሎንግአርም ማሽኔ (ጨርቁ ተወጥሮ የሚሰፋበት ክንደ ረጅም የኩዊልት መስፊያ መኪና) መወጠሪያ ላይ ዘርግቼ፣ በላባ ቅርጽ በተሰፉት ጌጦች ዙሪያ የቀረውን ባዶ ቦታ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ጠመዝማዛ መስመሮች እየሞላሁ ነው። ለዚህ ሥራ የያዝኩት ክር ቁጥሩ 100 የሆነ ቀጭን ፖሊስተር ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር በሠራሁ መጠን ስለ ክር ምርጫ ያለኝ አስተሳሰብ ይበልጥ እየጠራልኝ መጥቷል። ነገሩ ከእጄ ሳይርቅ በዝርዝር ልጽፈው የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

ኩዊልት የሚገኘው የላይኛው ጨርቅ፣ መሐል የሚገባው ሙሌትና ከሥር የሚዘረጋው ገበር በአንድ ስፌት ሲያያዙ ነው። ስፌቱ ባለፈበት መስመር ሙሌቱ ይጫናል፤ ስፌት ባልነካው ቦታ ደግሞ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ከፍ ያለው ይደምቃል፣ ዝቅ ያለው ጥላ ይይዛል። እኔ በዚህ ሙያ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ጥላ ነው። ክሩ ወፍራም ሲሆን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በክሩ ላይ ነውና ከፍታውና ዝቅታው ወደ ኋላ ይቀራል። በተለይ መስመሮቹ በጣም ሲቀራረቡ፣ ወይም በሰፋነው መስመር ላይ ተመልሰን ስንሄድ፣ ክር በክር ላይ እየተደራረበ ጎርባጣ መስመር ይፈጥራል፤ ጨርቁም እንደ ካርቶን ይገግማል። ቀጭን ክር ግን በጨርቁ ውስጥ ይሰምጣል። ደጋግመን ብናልፍበት እንኳ መስመሩ ጎልቶ አይወፍርም፣ ኩዊልቱም ሲታጠፍ እሺ የሚል ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

የክርን ቅጥነት የሚነግረው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። 40 ቁጥር ክር 40 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 100 ቁጥር ደግሞ ያንኑ 1 ኪሎ ግራም ለመሙላት 100 ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል። ቴክስ የሚባለው መለኪያ የሚያሳየው የ1,000 ሜትር ክርን ክብደት በግራም ስለሆነ በተቃራኒው ይሄዳል፤ በዚህ ስሌት 40 ቁጥር 25 ቴክስ፣ 60 ቁጥር ወደ 17 ቴክስ፣ 100 ቁጥር ደግሞ 10 ቴክስ ይሆናል። ይሁን እንጂ አምራቾች ሁሉ ቁጥሩን በአንድ መንገድ ስለማይሰጡ፣ በሁለት አምራቾች መለያ ላይ 50 ተብሎ የተጻፈ ክር በጣት ሲዳሰስ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ቴክስ ከተጻፈ እርሱን አምናለሁ፤ ካልተጻፈ ግን ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን በጨርቅ ላይ አስተኝቼ በዓይኔ አወዳድራለሁ።

ፖሊስተር ሲባልም ሁሉም አንድ አይደለም። ከአጫጭር ቃጫዎች ተፈትሎ የሚሠራው መልኩ ወደ ጥጥ ይቀርባል፣ ጥቂት ጸጉርም አለው። ፊላመንት የሚባለው ካልተቆራረጡ ረጃጅም ቃጫዎች የተገመደ በመሆኑ ለስላሳ ነው፣ ብናኝም እምብዛም አይተውም። ትራይሎባል ደግሞ ቃጫው ተቆርጦ ከጫፉ ሲታይ ቅርጹ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ብርሃንን መልሶ እያንጸባረቀ ያበራል፤ ለሚታይ ጌጥ ያምራል፣ እኔ ለምፈልገው ጥላ ግን የክሩ ብልጭታ ራሱ ተፎካካሪ ይሆንበታል። ለጥቅጥቅ ስፌት የምመርጠው ደብዘዝ ያለውን ነው። ሱፒሪየር የተባለው ክር አምራች ማይክሮኩዊልተርና ዋንደርፊል የተባለው ኢንቪዛፊል ሁለቱም 100 ቁጥር ሆነው ከሁለት ፈትል የተገመዱ ናቸው። ቦተም ላይን የሚባለው ደግሞ 60 ቁጥር ፊላመንት ሲሆን፣ ለቦቢንም (የታችኛው ክር ለሚጠቀለልበት ትንሽ ማጠንጠኛ) ለላይም የሚሆን ታማኝ ክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፖሊስተር ጠንካራ ስለሆነ የጥጥ ጨርቅን እያደር ይቆርጣል የሚለውን አስተያየት ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ በአክብሮት ብሰማውም አልቀበለውም። የክር ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር አብሮ ይቀንሳልና 10 ቴክስ የሆነ ክር በጣት ሲሳብ የሚበጠስ ስስ ነገር ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ጨርቅን የሚጎዳው ከልክ በላይ የጠበቀ ስፌትና የደነዘ መርፌ ነው። ፖሊስተርን ለዚህ ቅጥነት ተስማሚ ያደረገው በዚያው ውፍረት ካለ የጥጥ ክር ይበልጥ መጠንከሩና ውኃ ከሞላ ጎደል አለመምጠጡ ነው። ከመበጠሱ በፊት ጥቂት መሳቡም ይረዳል፤ ይህ መሳብ ግን የራሱ ጣጣ እንዳለው ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ቀለም ስመርጥ ጥቅሉን ጨርቁ ላይ አስቀምጬ አልወስንም። በጥቅል ላይ ያለ ክር ሺህ ጊዜ በራሱ ላይ ተደራርቦ የጠቆረና የደመቀ መስሎ ስለሚታይ ያታልላል። አንድ ክንድ የሚያህል ክር ስቤ በላይኛው ጨርቅ ላይ ዘና አድርጌ እጥለዋለሁ፤ ከዚያም ቆም ብዬ ከጥቂት ርቀት እመለከተዋለሁ። ከጨርቁ በመጠኑ የጠቆረው ክር ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባና ይጠፋል፣ የነጣው ግን ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ቀለም በተሰባሰበበት ኩዊልት ላይ መካከለኛ ግራጫ እጅግ የሚገርም አገልግሎት ይሰጣል፤ በቀዩም በአረንጓዴውም ላይ ሲያልፍ ዓይን አይከተለውም። ቀጭን ክር በዚህ ረገድ ይቅር ባይ ነው፤ በ40 ቁጥር የሚጮኽ የቀለም ልዩነት በ100 ቁጥር ሹክሹክታ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ የበለጠ ሐሳብ የሚጠይቀው መርፌው ነው። በተራ የስፌት መኪና ጨርቁን የምናንቀሳቅሰው እኛ ስንሆን፣ በሎንግአርም ግን ጨርቁ ተወጥሮ ቆሞ ማሽኑ ራሱ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይሄዳል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ባለበት ቅጽበትም እንቅስቃሴው ስለማይቆም መርፌው በትንሹ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም ከሥር የሚዞረው መንጠቆ የክሩን ቀለበት በቦታው ሳያገኘው ያልፍና ስፌት ይዘላል። ለዚህ ነው የሎንግአርም መርፌዎች ወፈር ብለው የሚሠሩት። ለቀጭን ክር ግን ወፍራም መርፌ አይስማማም፤ በሰፊው ዓይን ውስጥ ክሩ ይዋልላል፣ መርፌው የከፈተው ቀዳዳም ክሩ ከሚሞላው በላይ ስለሚሆን ጥብቅ ሆኖ በተሸመነ ጨርቅ ላይ የነጥብ ረድፍ ሆኖ ይታያል። ሁለቱን ፍላጎቶች ማስታረቅ የሠሪው ፋንታ ነው። ኤምአር 4.0 የሚባለው መርፌ 1.1 ሚሊ ሜትር፣ 3.5 የሚባለው 1 ሚሊ ሜትር፣ 3.0 ደግሞ 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በ100 ቁጥር ክር ስሠራ መነሻዬ 3.5 ነው፤ በሰም ተነክሮ እንደሚቀለመው ባቲክ ያለ ጥብቅ ጨርቅ ከሆነ ወደ 3.0 እወርዳለሁ፣ ያን ጊዜ ግን እጄን ማዘግየትና በመታጠፊያዎች ላይ ማሽኑን በድንገት አለመወርወር ግድ ይለኛል። በተራ የጥጥ ጨርቅ ላይ የሚቀረው ጥቃቅን ቀዳዳ ኩዊልቱ ሲታጠብ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚዘጋ ብዙም አያስጨንቀኝም።

የክሩ ጥብቀት ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እኔ ሁልጊዜም ከሥር እጀምራለሁ። የላይኛው ክር ጥብቀት ሊስተካከል የሚችለው የቦቢኑ ከታወቀ ብቻ ነውና። የቦቢኑን ቤት ከነቦቢኑ በክሩ ጫፍ አንጠልጥዬ ከዘረጋሁት መዳፌ በላይ እይዘዋለሁ፤ ምንም ሳልነካው ወደ ታች ከወረደ ላልቷል፣ ቀስ ብዬ ሳወዛውዘውም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጠብቋል፤ የምፈልገው በትንሽ ውዝዋዜ ጥቂት ወርዶ የሚቆመውን ነው። ለቀጭን ክር ደግሞ ከዚህም በትንሹ ላላ ያለውን እመርጣለሁ። ብሎኑን የማዞረው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ለዓይን የማይታወቅ ዙር እንኳ ስፌቱን ይለውጠዋል። ቦቢኑንም ስጠቀልል በዝግታና በልኩ ጥብቀት ነው። የተሳበ ፖሊስተር ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ ይፈልጋልና፣ በፍጥነትና በጥብቀት የተጠቀለለ ክር ከተሰፋ በኋላ ሲሰበሰብ ጨርቁን ያኮማትረዋል። ከላይ የጠቀስኩት ጣጣ ይህ ነው።

ከላይ በኩል ደግሞ ለ40 ቁጥር የተስተካከለው ጥብቀት ለ100 ቁጥር ፈጽሞ አይሆንም፤ ክሩን ይበጥሳል፣ ባይበጥሰውም የቦቢኑን ክር ወደ ላይ ስቦ በላይኛው ጨርቅ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ባለ ሦስት ቀዳዳ የክር መሪ ያለው ማሽን ከሆነ ክሩን በሁሉም ቀዳዳዎች ከማጠማዘዝ ይልቅ በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ አሳልፈዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የጥብቀቱን ማስተካከያ እያላላሁ ወደ ልኩ እቀርባለሁ። በመጨረሻ ለእጅ የሚሰማው ጥብቀት እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ክሩ ጨብጠው ጥብቀቱን ከሚሰጡት ዲስኮች መካከል የወጣ ሊመስል ይችላል። በእርግጥ የሚወጣበትም ጊዜ አለ፤ በዲስኮቹ መካከል የተሸጎጠች ጥቂት ብናኝ ወፍራሙን ክር ሳታስቸግር ቀጭኑን ሙሉ በሙሉ ልቅ ታደርገዋለችና ክር ከመለወጤ በፊት ያንን ቦታ አጸዳለሁ።

ልኩ መገኘቱን የማረጋግጠው በዓይን ብቻ አይደለም። በኩዊልቱ ጠርዝ ላይ በተረፈው ጨርቅ ቀለበቶች፣ ሹል ማዕዘኖችና ቀጥታ መስመር ሰፍቼ እጄን በገበሩ ሥር አስገባለሁ፤ የጣቴን ጫፍ በስፌቱ ላይ ቀስ ብዬ ሳስኬድ ስፌቱ ሁሉ እኩል ከተሰማኝ ሁለቱ ክሮች በሙሌቱ መሐል ተያይዘዋል ማለት ነው። በአንድ ቦታ ክሩ ቀጥ ብሎ ተኝቶ ጣቴ እንደ ተወጠረ ጅማት ካገኘው ግን በዚያ በኩል የላይኛው ክር ልል ነው። ይህ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በቀለበቶቹ ላይ እንጂ በቀጥታው መስመር ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ቀጥታ መስመር ብቻ ሰፍቶ መፍረድ አይበቃም።

ክሩ ሲበጠስ ጫፉን ሳላይ መልሼ አልሰካውም። ጫፉ ተበታትኖ ጸጉር ካወጣ መርፌውን ወይም ክሩ የሚያልፍበትን ሻካራ ቦታ እጠረጥራለሁ፤ ተስቦ የተጠቀለለ ከሆነ ጥብቀቱ በዝቷል። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያም በታች ይለሰልሳል፤ በረጅምና ፈጣን ሥራ መርፌው በግጭት ስለሚሞቅ ፍጥነቱን መቀነስ ብቻውን መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካውያ በተመለከተም የጥጥ ሙቀት ለዚህ ክር ስለሚበዛበት ዝቅ አድርጌ፣ በላዩም ስስ ጨርቅ ደርቤ ነው የምተኩሰው።

የስፌቱን ርዝመት አሳጥራለሁ፤ በአንድ ኢንች 12 ያህል ስፌት ለ100 ቁጥር ይስማማዋል፣ በጥቃቅኑ ጥምዝ ላይም መስመሩ ማዕዘን ሳይሠራ ይታጠፋል። ሲጀመርና ሲያልቅ ፊላመንት አንሸራታች በመሆኑ ጥቂት ጥቃቅን ስፌት ብቻ አላምንም፤ ቋጥሬ ጫፉን በመርፌ ወደ ሙሌቱ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አይፈታም።

ይህ ሁሉ ሲባል 100 ቁጥር ለሁሉም ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። መስመሮቹ ተራርቀው በሚሰፉበትና በየሳምንቱ በሚታጠብ የሕፃን ኩዊልት ላይ እያንዳንዱ ስፌት የሚሸከመው ጫና ይበዛልና 50 ወይም 40 ቁጥር እወስዳለሁ። አሁን በመወጠሪያው ላይ ላለው ኩዊልትም መሐሉ ሲያልቅ ዳርቻውን የሚዞረው ሐረግ ራሱ እንዲታይ ስለምፈልግ ወደ 40 ቁጥር ትራይሎባል እሻገራለሁ፤ ቦቢኑ ላይ 60 ቁጥሩን ፊላመንት አስገብቼ፣ መርፌውን ወደ 4.0 ቀይሬ፣ ጥብቀቱንም ከቦቢኑ ቤት ጀምሬ እንደ አዲስ አስተካክላለሁ።