ፊት ሳናነጣ የሠራነው የቅባት ማስታወቂያ

የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። የፀጉር ቅባትና ሳሙና የሚያመርት አንድ ደንበኛ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲያዘን ለተዋናይዋ ያወጣው መስፈርት «ቀይ፣ ረጅም ፀጉር ያላት፣ ወጣት» የሚል ነበር። በሙያችን ሳይጠየቅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መስፈርት በመሆኑ ማንንም አላስገረመም። ሆኖም ቅባቱን የሚገዙት አብዛኞቹ ጠይምና ጥቁር፣ ፀጉራቸውም ከርዳዳ የሆነ ሴቶች ስለሆኑ፣ እነሱን ከማስታወቂያው ማስቀረት ገበያውንም እንደሚጎዳ ደንበኛውን ለማሳመን ተነሣሁ።

በምሳሌነት ያቀረብኩት ዶቭ የተባለው የሳሙና ብራንድ እ.ኤ.አ. በ2004 የሙያ ሞዴል ባልሆኑ ሴቶች የጀመረውን የማስታወቂያ ዘመቻ ነበር። የዘመቻው አካል ሆኖ በ2006 የወጣው አጭር ፊልም፣ የአንዲት ሴት ፊት በሜካፕና በኮምፒውተር ተለውጦ ቢልቦርድ ላይ እስኪወጣ ያለውን ሂደት አሳይቶ በቀጣዩ ዓመት በካን የማስታወቂያ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ደንበኛው ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ የቀረውን ታሪክ ግን አልወደደውም። የዶቭ ባለቤት ዩኒሊቨር በህንድ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለውን የቆዳ ማቅያ ክሬም በጎን ይሸጥ ስለነበር በግብዝነት ተተችቷል፤ የክሬሙን ስም «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ብሎ የለወጠውም በ2020 ነው። የእኛም ደንበኛ ሳሙና መጠቅለያ ላይ «ያቀላል» የሚል ጽሑፍ ስለነበረ፣ እሱ ካልወጣ ማስታወቂያውን እንደማንሠራ ነገርነው። እንዲህ የደፈርነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በወቅቱ ሌላ ሥራ በእጃችን ስለነበረ ጭምር ነው።

በቀረጻው ብዙ ያደከመን መብራቱ ነው። እንደ ልማዱ ኃይለኛ መብራት ከፊት ለፊት ሲበራ ጥቁር ቆዳ ላይ ግንባርና አፍንጫ ብቻ ያብረቀርቃሉ፣ የቀረው ይጨልማል፤ ከዚያ አርታኢው ፊቱን በኮምፒውተር ያነጣዋል። እኛ መብራቱን ወደ ጎን አዙረን በነጭ ጨርቅ አለዘብነው፣ በወዲያኛው በኩል ብርሃኑን የሚመልስ ነጭ ሰሌዳ አቆምን፣ ነጩን ግድግዳ በቡናማ መጋረጃ ሸፈንን፤ የካሜራውንም የብርሃን ልክ ያወጣነው በተዋናይዋ ፊት ላይ ካረፈው ብርሃን ነው። አርታኢው የቆዳዋን ቀለም እንዳይነካ አስቀድመን ተስማማን።

ደንበኛው «ሁላችሁም ቆንጆ ናችሁ» የሚል መዝጊያ ቢፈልግም ተቃወምኩ፤ ለሳሙና ነጋዴ ቁንጅናን የማጽደቅ ሥልጣን የሰጠው የለም፤ ተመልካቿም እንደገና ስለ መልኳ ፍርድ ጠባቂ ትሆናለች። በምትኩ ተዋናይዋ ታጥቦ እርጥበቱ ያልለቀቀውን ፀጉሯን ከፋፍላ፣ ከጫፉ ጀምራ ቅባቱን ስትቀባ አሳየን፤ ጽሑፉም አቀባቡን ብቻ ያስረዳል።

ማስታወቂያው ከተላለፈ በኋላ አንዳንድ ባለሱቆች «ቆንጆ ልጅ ጠፍታ ነው?» ብለው ለሽያጭ ሠራተኞቹ ቅሬታ አቀረቡ፤ ገዢዎች ግን ስለ አቀባቡ ይጠይቁ ጀመር። በሚቀጥለው ትእዛዝ የቆዳ ቀለም ከመስፈርቱ ወጥቷል። «ወጣት» የሚለው እንዳለ ስለሆነ አሁን በእሱ ላይ እየተከራከርን ነው።