እማዬና የዲብሊዋ ቄስ

እማዬ ልታርሰኝ ለንደን የመጣችው በኅዳር ነው። ዐሥር ሰዓት ሲል ይጨልማል። ገንፎው ተበልቶ፣ ልጄ ተኝታ፣ ሁለታችን ሶፋ ላይ እንቀራለን። የአገር ቤት ዜና እከፍትላት ነበር። አንድ ማታ «ሆዴን የማያባባ ነገር የለሽም?» አለችኝ።

ነበረኝ። እዚህ አገር እንደመጣሁ የወደድኩት ኮሜዲ ነው፣ «ዘ ቪካር ኦፍ ዲብሊ»። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እስከ 2007 ድረስ አሳይቶታል። ዲብሊ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አሮጌው ቄስ ያርፋሉ። በምትካቸው ጄራልዲን የምትባል ሴት ትላካለች፤ የምትጫወታት ዶውን ፍሬንች ናት። ጉዳዩ ያኔ ትኩስ ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያዎቹ 32 ሴቶች ብሪስቶል ካቴድራል ውስጥ ክህነት የሰጠችው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው።

እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። እኔ እየሰማሁ ልተረጉምላት ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ማታ አልሆነም። ቃል በቃል እከተላለሁ፤ እነሱ ግን አይጠብቁኝም። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ላቆመው ስል ደግሞ ሳቁ መሃል ላይ ይቆረጣል። ዞር ብዬ ሳያት ቴሌቪዥኑን ትታ የእኔን አፍ ነው የምታየው።

ያኔ ነው መንገዱን የቀየርኩት። ሌሊት ልጄን ሳጠባ ክፍሉን ድምፁን ቀንሼ አስቀድሜ አየዋለሁ። በነጋታው ቡና ስናፈላ ሰዎቹን ስለ ጎረቤት እንደሚወራ አድርጌ አወራላታለሁ። አሊስ ቤተ ክርስቲያኑን የምታገለግል የዋህ ልጅ ናት። ጂም ምን ቢጠየቅ «አይ፣ አይ፣ አይ፣ አይ» ብሎ መጨረሻ ላይ «አዎ» ይላል። ሌቲሺያ ኬክ ውስጥ የማይገባ ነገር የምትጨምር አሮጊት ናት። ማታ ላይ እማዬ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። እኔ በአንድ ትዕይንት ሁለት ሦስት ቃል ጣል ካደረግኩ ይበቃታል።

አንዳንዴ አንድ ቃል ብቻ ቤቱን በሙሉ ይከፍታል። ሀብታሙ ዴቪድ ሆርተን የሚመራውን ስብሰባ መጀመሪያ «የመንደር ምክር ቤት» ነበር ያልኩት። ምንም አልመሰላትም። በኋላ «ሰበካ ጉባኤ በይው» አልኳት። ቀና አለች። «አሃ! ሊቀ መንበሩ ነዋ የሚያስቸግራት!» እሷ ራሷ በሰፈራችን ደብር ሰበካ ጉባኤ ሁለት ዙር አገልግላለች። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ላይ የሚሆነውን እሷ ናት ለእኔ የምታስረዳኝ።

የፈራሁት የሴት ቄስነቱን ነበር። «ትቀድሳለች?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። «እንግዲህ የእነሱ ሥርዓት ነው» አለች። እማዬንና ጄራልዲንን ያቀራረባቸው የድራማው የመግቢያ መዝሙር ነው። እነሱ 23ኛው መዝሙር ይሉታል፣ በእኛ ቁጥር 22ኛው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፣ የሚያሳጣኝም የለም» ብዬ ስጀምርላት «በለመለመ መስክ ያሳድረኛል» ብላ ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በተጀመረ ቁጥር ሕፃኗን እያወዛወዘች አብራ ትደግማለች።

የገና ምሳው ክፍል ላይ ደግሞ አፌን አልከፈትኩም። ጄራልዲን የጋበዛትን ሁሉ እምቢ ማለት አቅቷት ከአንዱ ቤት ወጥታ ሌላው ቤት ትበላለች። እነዚያን ትናንሽ ጥቅል ጎመኖች ስትውጥ እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «በሞቴ ብለዋት ነው! ምን ታድርግ?»

ያቃተኝ የመጨረሻው ቀልድ ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ጄራልዲን ለአሊስ አንድ ቀልድ ትነግራታለች፤ አሊስ አይገባትም። አብዛኛው በቃላት ጨዋታ ነውና ወደ አማርኛ አይሻገርም። ለማስረዳት ስታገል ቀልዱ እጄ ላይ ይሞታል። በኋላ ተውኩት። «ቀልድ ልትነግራት ነው፣ አሊስ ግን አይገባትም» አልኩና ዝም አልኩ። እማዬ የአሊስን ፊት አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለካ ሳቁ ያለው ፊቷ ላይ ነው።

አንድ ማታ «የጻፈው ማን ነው?» አለችኝ። ሪቻርድ ከርቲስ ይባላል አልኳት። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ኢትዮጵያ መጥቶ አይቷል። ተመልሶም ከሌኒ ሄንሪ ጋር ሆኖ በሳቅ ገንዘብ የሚያሰባስበውን ኮሚክ ሪሊፍ መሠረተ። ሌኒ ሄንሪ ያኔ የዶውን ፍሬንች ባል ነበር። እማዬ ያን ዓመት ደሴ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። ስክሪኑን እያየች «ለካ ያውቀናል» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት ድራማው የተቀረጸበትን መንደር ላሳያት ወሰድኳት። ተርቪል ይባላል፣ ከለንደን በስተ ምዕራብ ቡኪንግሃምሻየር ውስጥ ነው። ኮረብታው ላይ የነፋስ ወፍጮ አለ። ቤቶቹን አይታ «ይሄ የእነ አሊስ ነው፣ ያ የጂም ነው» እያለች በራሷ አደላደለቻቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ስሙ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የድንግል ማርያም ናት አልኳት።

ቆመች። ካፊያ ነበር፣ ድንጋዩ ረጥቧል። ጎንበስ ብላ በሩን ተሳለመችና ጫማዋን አወለቀች። እኔም ልጄን እንዳቀፍኩ የእኔን ማውለቅ ጀመርኩ።